ቁልቁለት ላይ የሚጠፋው ፍሬን

ጋራዥ የገባሁት አባቴ ወስዶኝ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ ደብር ዜማ ያስተምር ነበር። ታላላቅ ወንድሞቼ የእሱን መንገድ ተከትለዋል። እኔ ግን ድምፄ አልታዘዝ አለኝ፤ ልቤም ከቅጽሩ ውጭ ሞተር ሲያልፍ በሰማ ቁጥር ከትምህርቱ ላይ ይነሣል። አባቴ ታገሠኝ፣ ታገሠኝና አንድ ጧት "ልበስ፣ እንሂድ" አለኝ። በሚኒባስ አዘዞ ወረድን።

አዘዞ ላይ ከአስፋልቱ ዳር አያ ስጦታው የሚባሉ ሰው የሞተር ሳይክል ጋራዥ ነበራቸው። ዕድሜያቸውን በወታደር ቤት የመኪና ጥገና ላይ ያሳለፉ፣ ቁመታቸው አጠር፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። አባቴ ሰላምታ ሰጥቶ ከተቀመጠ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃቸው።

"ይህ ልጅ እዚህ ምን ይማራል?"

አያ ስጦታው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ትንሽ አሰቡ። "መሪጌታ፣ መጀመሪያ ሞተር ማቆም ይማራል። ማስነሣቱ ቀላል ነው።"

አባቴ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ቀልድ አልነበረም።

ያን ዕለት ጋራዡ ውስጥ የቆመው የአንድ የግብርና ሠራተኛ ሞተር ነበር። ጃፓን ሠራሽ፣ አሮጌ፣ ከፊት በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ያለው። አያ ስጦታው መሪው ላይ ያለውን የፍሬን እጀታ እንድጨብጥ አዘዙኝ። ጨበጥሁት። እጀታው ያለ ምንም ኃይል ሄዶ ከመያዣው ጋር ተገናኘ።

"ምን ይመስላል?" አሉኝ።

"ስፖንጅ" አልሁ።

"ሸጋ። ስፖንጁ አየር ነው።"

ከዚያ አሠራሩን አሳዩኝ። እጀታው አጠገብ የፍሬን ዘይት የምትይዝ ትንሽ ዕቃ አለች። ከሥሯ ማስተር የሚሉት አለ። እጀታው ሲጨበጥ በማስተሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ዘይቱን ይገፋዋል፤ ዘይቱ በቱቦ ወደ ጎማው ይወርዳል፤ እዚያ ያለው ካሊፐር ሁለቱን የፍሬን ሸራዎች ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክ ላይ ያጣብቃቸዋል። ዘይት ቢገፉት አይጨመቅም። አየር ይጨመቃል። አየር ከገባ የነጂው ኃይል ሁሉ አየሩን በመጭመቅ ያልቃል፤ ሸራው ዘንድ አይደርስም።

አየሩን የምናስወጣው ለሁለት ሆነን ነው። ካሊፐሩ ላይ ባለችው የማስተንፈሻ ቡሎን ላይ ጥርት ያለ ቀጭን ቱቦ እንሰካለን፤ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ እንነክራለን። አንዱ እጀታውን ይጨብጣል፣ አንዱ ቡሎኗን ይፈታል። አያ ስጦታው ከታች ሆነው "ጨብጥ" ይላሉ፤ እኔ "ጨበጥሁ" እላለሁ። "ያዝ።" "ያዝሁ።" ቡሎኗን ፈታ ያደርጋሉ፤ አረፋው በቱቦው ውስጥ እየተንከባለለ ይወጣል። "ዘጋሁ፤ ልቀቅ።" ሳይዘጋ ከተለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ከላይ ያለችው ዕቃም ዘይቷ ሳያልቅ መሞላት አለባት፤ ከደረቀች ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ይህን እንደ ማሕሌት አንዱ የሚመራው ሌላው የሚቀበለው ቅብብል ሲሰማ ቆየ። ሲወጣ "ከመሪና ከተመሪ አላመለጥህም" ብሎኝ ሄደ።

አያ ስጦታው ለጋራዣቸው የራሳቸው ማዕረግ ነበራቸው። መጀመሪያ አጣቢ ትሆናለህ። ከዚያ ፈቺ፣ ከዚያ ገጣሚ። የመጨረሻው ፈታሽ ነው። ፈታሽ የተሠራውን ሞተር መንገድ ላይ አውጥቶ ነድቶ "ይሄዳል" ወይም "አይሄድም" የሚል ሰው ነው። እሱ "ይሄዳል" ሳይል ባለቤቱ ቁልፉን አይቀበልም። እኔ አጣቢ ሆኜ ብዙ ቆየሁ። በተለይ የፍሬን ዘይት የነካውን ነገር ሁሉ በውኃ አጥብ ነበር፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። አያ ስጦታው ፍሬን ከመንካታቸው በፊት የነዳጅ ታንኩን በእርጥብ ጨርቅ ያለብሱት ነበር፤ ያን ጨርቅ የሚያጥበው እኔ ነኝ።

ያ ጋራዥ ዛሬም ይናፍቀኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገጠር የሚመጡት ሞተሮች ከበሩ እስከ አስፋልቱ ይሰለፉ ነበር። የጭልጋ መንገድ ጭቃ እስከ መቀመጫቸው የለጠፈባቸው፣ የወገራ አቧራ ያለበሳቸው፣ ዶሮ ከኋላ የታሰረባቸው ጭምር። ከአስፋልቱ ማዶ የሚኒባስ ረዳቶች "ፒያሳ፣ ፒያሳ" እያሉ ይጮሃሉ። አያ ስጦታው በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የአንድን ሞተር ድምፅ ለብቻው ይሰሙ ነበር። እኔም እንደሳቸው አንገቴን ዘንበል አደርግ ነበር፤ ምንም የምሰማው ነገር ግን አልነበረም። መስማቱ ቆይቶ መጣ።

ደንበኞቹም ዓይነታቸው ብዙ ነበር። አንድ የጠዳ ነጋዴ ሁልጊዜ ራሱ የሞከረውን ከሞከረ በኋላ ነው የሚመጣ። አንድ ቀን እጀታው አልመለስ ያለ ሞተር ይዞ መጣ። አያ ስጦታው የማስተሩን ክዳን ከፍተው አሸተቱ።

"ምን ጨመርህበት?"

"የፍሬን ዘይት አጣሁና የምግብ ዘይት ጨመርሁ። ምነው፣ ዘይት ዘይት አይደለም?"

አያ ስጦታው ማስተሩን ፈቱና በውስጡ ያለውን ጎሚኒ አውጥተው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። ትንሹ ላስቲክ አብጦ ቅርጹን አጥቷል። "ሌላ ዘይት ሲነካው እንዲህ ይሆናል። ለወጥህ ሌላ ዘይት አለህ፣ ለፍሬንህ ሌላ" አሉት። ሰውየው ጎሚኒውን በኪሱ ይዞት ሄደ። ለሰው ሁሉ ሲያሳይ እንደ ከረመ ሰማን።

ሲስተር ፈንታነሽ የመጣችው እኔ ፈታሽ ከሆንሁ በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ አያ ስጦታው ታመው ጠዳ ልጃቸው ቤት ተኝተው ነበር፤ ጋራዡን የምይዘው እኔ ነበርሁ። ሞተሯን በአይሱዙ ጭና አመጣችው። ግራ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ከአንገቷ ታስሯል።

አዋላጅ ነርስ ናት፤ የዳባት ልጅ። የምትሠራው ከደባርቅ ወዲያ፣ ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች ባለ ጤና ጣቢያ ነበር። ሞተሩ ካለቀ ፕሮጀክት የተረፈ አሮጌ ሞተር ነው። በእሱ እየተሳፈረች መኪና የማይገባባቸው ቀበሌዎች ድረስ ትሄዳለች።

"ምን ሆነሽ ነው ሲስተር?" አልኋት።

"ከደባርቅ ስወርድ ፍሬኑ ጠፋብኝ። ገደሉ በቀኜ ነበር። ወደ ግራ ዞሬ ከተቆረጠው ተራራ ጋር ተላተምሁ።"

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ስለ ሌላ ሰው የምትናገር ትመስል ነበር። የእጀታውን ጠጣርነት ልይ ብዬ ጨበጥሁት። እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው። ቱቦውን፣ መጋጠሚያዎቹን፣ ካሊፐሩን በጨርቅ ዳሰስሁ፤ የሚያፈስ ነገር የለም። ሸራው ወፍራም ነው። ዘይቱ ሙሉ ነው።

"አሁን ፍሬን አለው" አልሁ።

"አሁንማ አለው" አለች። "ሜዳ ላይ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። የሚጠፋው ቁልቁለት ላይ ነው። ያላሳየሁት መካኒክ የለም። ሁሉም አየር አለው ይላሉ፤ ያስወጣሉ፤ ለጥቂት ጊዜ ሸጋ ይሆናል። ከዚያ እዚያው ቁልቁለት ላይ ይጠፋል።"

የእጇን ፋሻ አስተካክላ ቀጠለች። "ዝውውር ጠይቄያለሁ፣ አያ ማሩ። ይህ ሞተር ካልተስተካከለ አስረክቤው እሄዳለሁ። እዚያ ያሉት እናቶች ከእኔ ሌላ የሚደርስላቸው የለም። ግን እኔ ገደል ገብቼ ምን እጠቅማቸዋለሁ?"

"ሌላ ያየሽው ነገር አለ? ትንሽም ቢሆን ንገሪኝ።"

"አንድ ነገር አለ። ለሌሎቹም ነግሬያቸው ነበር፤ የወደቅሽው ደንግጠሽ ነው አሉኝ። ከወደቅሁ በኋላ ሰዎች መጥተው ሞተሩን ሊገፉልኝ ሲሉ አልገፋ አለ። የፊት ጎማው ተይዟል። ተቀምጠን ውኃ ጠጥተን ስንነሣ ደግሞ ዝም ብሎ ተገፋ። ፍሬኑ የጠፋ ሞተር እንዴት ፍሬን እንደ ያዘ ይሆናል?"

የያዝሁትን ካቻቢቴ አስቀመጥሁት። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሲጨብጡት የማይዝ፣ ሲለቁት የያዘ ፍሬን።

በዚያው ዕለት ከሰዓት ጠዳ ሄጄ ለአያ ስጦታው ነገርኋቸው። ትራሳቸውን አስደግፌ ቀና አደረግኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መሰለኝ።

"አዘዞ ላይ ቁልቁለት አለ?" አሉኝ።

"የለም፣ አያ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ?"

ስነሣ እጄን ያዙኝ። "የኋላውን ፍሬን መጀመሪያ አስተካክል። እሱ በዘይት አይሠራም፤ በዘንግ ነው። የፊቱ ቢከዳህ እሱ ይኑርህ።"

የሲስተር እጅ እስኪድን ጠበቅን። የኋላውን ፍሬን በአዲስ ሸራ ገጠምሁት። ባለቤቴ ውባለም የምሄድበትን ስትሰማ ምሳዬን እየቋጠረች "ምነው፣ የሚጠፋ ፍሬን መሆኑን እያወቅህ?" አለችኝ። ሞተሩን በመኪና ጭነን ከሲስተር ጋር ደባርቅ ገባን።

ደባርቅ ያን ጧት ብርዱ ጣት ያደነዝዝ ነበር። ከገብስ ማሳዎቹ በላይ ጉም ተኝቷል። ከከተማው ወጥተን መንገዱ መውረድ ከሚጀምርበት ላይ ሞተሩን አወረድን። መጀመሪያ ብቻዬን ነዳሁ። ጥቂት መታጠፊያዎች ወርጄ ተመለስሁ። ምንም የለም። ፍሬኑ ሸጋ ነው።

ሲስተር ሣቅ አለች። "እኔ እንዲህ ባዶዬን አልነዳም። ሣጥን አለ፣ አንዳንዴም ከኋላዬ ሰው አለ።"

"እንግዲያስ ድንጋይ በጆንያ እንጭናለን።"

"ድንጋይ መንገዱን አያውቅም። እኔ አውቀዋለሁ።" የመድኃኒት ሣጥኗን አንግታ ከኋላዬ ተቀመጠች። እንድትወርድ ለመንኋት፤ አልወረደችም።

መውረድ ጀመርን። በስተቀኝ ገደሉ ጉም ሞልቶት ታቹ አይታይም። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ የፊቱን ፍሬን እሷ እንደምትይዘው ያዝሁት። እጀታው ጠንካራ ነበር። እየቆየ ግን አንድ ነገር ተሰማኝ፤ እጀታውን ከለቀቅሁትም በኋላ ሞተሩ እንደ ልቡ አይንከባለልም። የሆነ ነገር ከፊት ይዞታል። ቀጥሎ የተቃጠለ ሸራ ሽታ መጣ። ቀጥሎ እጀታው ወደ መያዣው መቅረብ ጀመረ፤ በየመታጠፊያው ትንሽ ትንሽ እየቀረበ፣ መጨረሻ ላይ ጣቴን ከመያዣው ጋር አጣበቀው።

ሲስተር ከኋላዬ ሆና አወቀችው። "ጠፋ?" አለችኝ በጆሮዬ።

"ጠፋ።"

"ከመታጠፊያው በኋላ በግራ በኩል ቦይ አለ። ሰፊ ነው።"

ማርሹን ቀነስሁ፤ ሞተሩ ጮኸ። የኋላውን ፍሬን በእግሬ ቀስ አድርጌ ረገጥሁ፤ አጥብቄ ብረግጥ ጎማው ይንሸራተታል። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ከታች የሚወጣ የጭነት መኪና ብቅ አለ፤ መንገዱን አጋምሶታል። ሾፌሩ ወደ ገደሉ በኩል ጠጋ አለልን። በእሱና በተራራው መካከል አልፈን ቦዩ ውስጥ ገባንና ቆምን። ሞተሩን አጠፋሁ። እሷ ወርዳ ሣጥኗን መሬት ላይ አስቀመጠችና ከአጠገቡ ተቀመጠች።

ከዚያ ወደ ፊት ጎማው አመለከተችኝ። "ሳይበርድ እይልኝ፤ ሲበርድ ይድናል።"

ልክ ነበረች። የሞተሩን ሆድ በድንጋይ ደግፌ የፊት ጎማውን ከመሬት አነሣሁት። ጎማውን በእጇ እንድታዞረው ነገርኋት፤ አልዞረም። እጀታውን ማንም አልያዘውም፤ ፍሬኑ ግን ጎማውን አልለቀቀም። ማስተሩ ዘንድ ቱቦውን የሚያጋጥመውን ቡሎን በጨርቅ ሸፍኜ ፈታ አደረግሁት። ዘይቱ በኃይል ተረጨ።

"ዞረ" አለች ሲስተር። ጎማው በእጇ ሥር እየተሽከረከረ ነበር።

ያኔ ገባኝ። ቱቦው ተዘግቶ ቢሆን ከላይ ስፈታው ጎማው አይለቀቅም ነበር። ስለዚህ ችግሩ ከቱቦው በላይ፣ ማስተሩ ውስጥ ነው። ዘይቱን ቀድቼ አወጣሁና የዕቃዋን ሥር በጨርቅ ጠረግሁት። ሥሯ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ትልቁ ዘይት ወደ ፒስተኑ ያስገባል። ትንሿ የመርፌ ጫፍ የምታክል ናት፤ ሥራዋ እጀታው ሲለቀቅ በሙቀት የበዛውን ዘይት ወደ ላይ መመለስ ነው። ትንሿን ዓይኔን አስጠግቼ ፈለግሁ፤ አጣኋት። በቦታዋ እንደ ሰም የደረቀ የቆየ የዘይት ቆሻሻ ነበር።

ለሲስተር አስረዳኋት። ሜዳ ላይ ዘይቱ ብዙ አይሞቅም፤ ችግሩ አይታይም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበዛል፣ መመለሻ ስላጣ ሸራውን ዲስኩ ላይ እንደ ተጫነ ይቀራል። ያ ደግሞ ይብስ ያሞቀዋል። መጨረሻ ላይ ዘይቱ ካሊፐሩ ውስጥ ይፈላል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል። ስለዚህ ፍሬኑ ይጠፋል፣ ጎማው ግን አይለቀቅም። ሲበርድ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። አዲስ ዘይት ቶሎ አይፈላም፤ አየር ባስወጡላት ቁጥር ለጥቂት ጊዜ ሸጋ ሆኖ ይሰነብት የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

"ስለዚህ ደንግጬ አልነበረም የወደቅሁት" አለች።

"አልነበረም።"

ከዕቃ ቦርሳዬ ካወጣሁት አሮጌ የፍሪሲዮን ገመድ አንዲት ቀጭን ሽቦ መዝዤ ቀዳዳዋን ቀስ አድርጌ ከፈትኋት። በንጹሕ የፍሬን ዘይት አጠብኋት፤ ብርሃን በውስጧ ሲያልፍ እስካይ ድረስ። ገጣጠምሁና አዲስ ዘይት ሞላሁ። የቀረው አየር ማስወጣት ነው፤ ለሱ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ሲስተርን እጀታው ዘንድ አቆምኋት። እኔ ከታች ቡሎኗን ያዝሁ።

"ጨብጪ።"

"ጨበጥሁ።"

"ያዢ። አትልቀቂ፣ አትልቀቂ። ዘጋሁ፤ አሁን ልቀቂ።"

ሳቀች። "እኔ እናቶቹን የምላቸው ይህንኑ ነው። ግፊ፣ ያዢ፣ አሁን ተንፍሺ።"

አረፋው ጨርሶ እስኪጠፋ ቀጠልን። ዲስኩ ከበረደ በኋላ ሞተሩን አስነሣሁና እንድትቀመጥ ምልክት ሰጠኋት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "አሁን እኔ ልንዳ። አንተ ከኋላ ሁን።"

እውነቱን ለመናገር ከፈራሁት ሁሉ ይልቅ ያንን ፈራሁ። ግን ሞተሩ የሷ ነው፤ መንገዱም የሷ ነው። ከኋላዋ ተቀመጥሁ። በየመታጠፊያው የፊቱን ፍሬን እየጨበጠችና እየለቀቀች ከቁልቁለቱ ግርጌ አደረሰችን። ወርዳ ሞተሩን አቆመችና ማርሹን ነፃ አድርጋ በአንድ እጇ ገፋችው። ሄደ። እጀታውን ጨበጠችው። ጠንካራ ነበር። ደግማ ገፋችው፣ ደግማ ጨበጠችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ተራራው አዙራ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ዝውውሩን ተወችው። እዚያው ብዙ ዓመት ሠራች፤ ሞተሩንም እስኪያረጅ ነዳችው። ዛሬ ዳባት ናት፤ ወጣት አዋላጆችን ታሠለጥናለች። በዓል ሲሆን ትደውልልኛለች።

ስመለስ በቀጥታ ጠዳ ሄድሁ። አያ ስጦታው ስለ ቀዳዳዋ ብዙ አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ቡሎኑን ስፈታ ጎማውን ማን እንዳዞረው ነው።

"እሷ ናት" አልሁ።

"ሸጋ አደረግህ። የሞተሩ ባለቤት በእጇ ካላየችው ከፍርሃቷ አትድንም ነበር። እንደ ፈራች ትነዳለች፤ የፈራ ሰው ደግሞ ይወድቃል።" ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። ስለ ሥራ ያወራነው የመጨረሻ ወሬ ይህ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ዐረፉ። አባቴም ሽምግልናው ሳይበግረው ለቀብራቸው መጥቶ ነበር።

እኔም አሁን ጉልበቴ ስለማይታጠፍልኝ ከታች ሆኜ ቡሎን አልፈታም። ጋራዡን ወጣቶች ይዘውታል። አየሩን በመምጠጫ ብቻቸውን ያስወጣሉ፤ ጨብጥ፣ ያዝ የሚል የለም። ፈጣን ነው፤ ሥራቸውም ጥሩ ነው። አንዳንድ ቀን በር ላይ ወንበሬን አስቀምጬ እውላለሁ። ሞተር ሲገባ አሁንም አንገቴ ራሱ ዘንበል ይላል።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። አየር ማስወጣት ጥገና ነው፤ ምርመራ አይደለም። አየሩ ወይም እንፋሎቱ ከየት እንደ መጣ ካላወቃችሁ ሥራው አላለቀም። ባለቤቱ የት እና መቼ እንደሚጠፋ ሲነግራችሁ እስከ መጨረሻው ስሙት፤ ከዚያ ሞተሩን እዚያው ቦታ ወስዳችሁ ፈትሹት።